ቤቱ የሚመልሰው ስም

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ጋሽ ለማ የእድራችንን መዝገቦች በማዳበሪያ ከረጢት አሸክመው ቤታችን መጡ። የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሶፋው ሥር መነጽራቸውን ሲፈልጉ ቆዩ። እኔም አልነገርኳቸው። ክረምት ነው፣ ሌላ መዝናኛ የለም።

"ልጄ ሶልያና፣ የቸርቹን ወጣቶች ኮምፒውተር ውስጥ እንደከተትሻቸው እኛንም ክተቺን።"

"ስንት ሰው ነው ጋሼ?"

"ሰውማ ብዙ ነው። የሞተውም አለበት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡሩምባ ነፊያችን ጋሽ ፍቅሬን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ባለፈው ከዳሞታ ተራራ የወረደ ጉም ውስጥ ገብተው፣ መንገድ ስተው፣ የሌላ እድር ሰፈር ሄደው ነፉ። የዚያ ሰፈር ሰዎች ማን እንደሞተባቸው ሳያውቁ ተሰብስበው ሲላቀሱ አረፈዱ ይባላል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ የሞት ጥሪ በቴክስት ይሁን ተባለ።

ሌላም አለ። በእኛ እድር ቤት የሚመዘገበው በአባወራው ስም ነው። አባወራው ሲሞት ሚስቱ በእሱ ስም ትቀጥላለች፣ ማንም አይቀይረውም። ስብሰባ ላይ ስም ሲጠራ ሙታን በሴት ድምፅ "አቤት" ይላሉ። ይሄ ያስፈራል ያለ ሰው እስከዛሬ አልሰማሁም። አሁን ግን ደንብ ወጣ። ከጊፋታ በዓል በፊት ባለው ጉባኤ፣ በሕይወት ባለ ሰው ስም ያልተመዘገበ ቤት ከእድሩ ይወጣል። የወጣ ቤት ድንኳን የለውም፣ ቀባሪም የለውም።

ጋሽ ለማ ሊወጡ ሲሉ ወደ እማዬ ዞሩ። "የእናንተንም እንግዲህ አስካለች..."

"ሻይ ልጨምርልዎ?" አለች እማዬ።

ብርጭቋቸው ሙሉ ነበር።

ሐምሌ 24

ይሄን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም፣ ስለዚህ በግልጽ ልጻፍ። አባዬ ለሥራ ቤሌ ከተማ ነው።

ማለቴ፣ ለአያቴ ቤሌ ነው። አያቴ አገርነሽ የአባዬ እናት ናት። ልቧን ስላመማት ለሕክምና ከጉኑኖ አምጥተናት ሳሎን ተኝታለች። ባለፈው ዓመት ነሐሴ አባዬ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይዞ ከቤሌ ወዲያ ያለውን ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ መጣ። መኪናው ተገኘ። እሱ አልተገኘም። ሬሳ ስለሌለ ቀብር አልነበረም፤ ቀብር ስላልነበረ ጡሩምባ አልተነፋም። እማዬ "ያልተገኘ ሰው አልሞተም" ትላለች። አስተማሪ ናት፤ ስትናገር ሰሌዳ ላይ የጻፈችው ይመስላል።

ለአያቴ መርዶ አልተነገራትም። ልቧ አይችልም ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ዝም ብሏል። ሶዶ ውስጥ ሚስጥር ሲጠበቅ ያየሁት ይሄን ብቻ ነው።

ሲመሽ አያቴ አባዬን በስሙ ጠርታ በወላይትኛ "ሶርሳ ገባ?" ትላለች። እማዬ "መንገድ ላይ ነው" ትላለች።

እኔ ምንም አልልም። እኔ ፕሮግራመር ነኝ።

ሐምሌ 29

ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው ቲቸር ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። የሚያቃጥል ዳጣችንን በቀመሰ ቁጥር እንባው ይወርዳል፣ ግን አይተወውም። አሮጌ ላፕቶፑን አውሶኛል።

ፕሮግራሙን የምጽፈው ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ዝርዝሩ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ደግሞ ከሰንጠረዥ ሌላ የሚገባው ነገር የለም። መሃላችን ላይ ላይብረሪ የሚሉት አለ፤ ቸርች እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ጎኑ ቆሞ እንደሚተረጉመው ሰው ማለት ነው። እኔ "አባል" ስለው የትኛውን ሰንጠረዥ እንደምል አስቀድሜ መንገር አለብኝ። ማፒንግ የሚባለው ይሄ ነው። ካልነገርኩት ይገምታል። ሲገምት ደግሞ ልክ እንደ ቸርቻችን አስተርጓሚ በሙሉ ልቡ ይሳሳታል።

ዛሬ የሙታንን ሰንጠረዥ ስጠይቀው ቀኑን ሙሉ "እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም" ሲለኝ ዋለ። ሰንጠረዡ አለ፣ እያየሁት ነው! ለካ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል አጣብቄ የጻፍኩትን ስም እሱ መሃሉን ሰንጥቆ ሰረዝ ከቶ ነው የሚፈልገው። የሰንጠረዡን ስም ፊደል በፊደል ነገርኩት። ሰርቷል!

እራት ላይ በደስታ "ሙታኑ ተገኙ!" ብዬ ጮህኩ።

እማዬ እጇን ከትሪው መለሰች።

ምላሴን ይቁረጠው።

ነሐሴ 2

ጋሽ ለማ ትእዛዝ ይዘው መጡ። ሙታን ሰንጠረዥ ላይ "መርዶ የነገረ" የሚል ዓምድ ይጨመር፣ እሱ ባዶ ከሆነ ሞቱ አይመዝገብ። "ሞት ከሰው አፍ ነው የሚመጣው እንጂ ከሽቦ አይመጣም" አሉ። አባወራም በቁሙ አይሻርም፤ ሞቱ ካልተመዘገበ ቤቱ ወደ ሚስቱ አይዞርም። ሲሄዱ ሳቅሁባቸው። ግን ጻፍኩት።

ነሐሴ 5

ዛሬ ቴክስቱን ለሁሉም ቤት ሞከርኩ። ጽሑፉ የጋሽ ለማ ነው፦ "ይህ ሙከራ ነው። ማንም አልሞተም።" ግማሹ ሰፈር "ማነው ያልሞተው?" እያለ ደወለ። ባላቸው ከሞተ ስምንት ዓመት ያለፋቸው እማማ ጸሐዬ በጭቃው መጡ፤ "ለባለቤቴ የጻፍሽውን አነበብኩለት፣ እሺ ብሏል" አሉኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሄዱ በኋላ ግን በሩን ዘጋሁት።

እያንዳንዱ ቤት "ደረሰ" ወይም "አልደረሰም" የሚል መልስ ይመጣለታል። ወደ ታች ወረድኩ። የእኛ ቤት መስመር።

ሶርሳ ዳልጮ። ደረሰ።

አባዬ ያን ቀን ስልኩን ቻርጅ ላይ ረስቶ ነው የሄደው። ስልኩ እማዬ መኝታ ቤት ነው። እማዬ ቤት አልነበረችም፣ መኝታ ቤቷ ተቆልፏል። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ነበር፣ እኩለ ቀን ላይ አምፖል ያስፈልግ ነበር፣ መብራት ደግሞ የለም። ያኔ ከተቆለፈው ክፍል ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አንዴ ብቻ። የአባዬ ስልክ የዋሽንት ድምፅ ነው ያለው።

አያቴ ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች። "ሶርሳ ገባ" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

"መንገድ ላይ ነው" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት።

ማታ። መተኛት አልቻልኩም። ዓመት ሙሉ ያልተሰካ ስልክ ባትሪ አይኖረውም፤ ባትሪ የሌለው ስልክ አይጮህም። እንግዲያው አይጥ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ አይጥ አለ። አይጥ ዋሽንት እንደማይነፋ አውቃለሁ፤ አታድርቂኝ ደብተር።

ነሐሴ 6

የስልኬ ቻርጀር ጠፍቷል። እማዬን ጠየቅኋት፣ "አላየሁም" አለች። የመኝታ ቤቱን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። አልነበረም ወይስ አላየሁም?

ነሐሴ 12

የባልቴቶቹን ስም አስገብቼ ጨረስኩ። እማማ ጸሐዬ ስማቸውን ስክሪን ላይ ሲያዩ "ይቺ ማናት ደግሞ?" አሉ። አንድ ቤት ብቻ ቀረ።

ለሙከራ ብዬ ነው፤ ለሙከራ ብቻ። ሶርሳ ዳልጮን በሕይወት ካሉት ሰንጠረዥ ሰረዝኩት። ፕሮግራሙ "ተሳክቷል" አለ። ላፕቶፑን ዘጋሁ።

ነሐሴ 13

ጠዋት ከፈትኩት። ሶርሳ ዳልጮ። ሁኔታ፦ አለ።

ነሐሴ 15

ደግሜ ሰረዝኩት። ተመለሰ። ደግሜ፣ ተመለሰ። ስህተት ቢለኝ እሺ፣ ስህተትን ለምጄዋለሁ። እሱ ግን "ተሳክቷል" ይላል፣ ከዚያ ፊቴን ሳዞር ያመጣዋል። እንደ ጋሽ ለማ፦ "እሺ ልጄ" ብለው የራሳቸውን ያደርጋሉ።

ማን ነካው? ቤት ያለነው እማዬ፣ አያቴና እኔ ነን። አያቴ ላፕቶፕን ከካውያ አትለይም። እማዬ ኮምፒውተር ትችላለች፣ ግን የይለፍ ቃሌን አታውቅም። የይለፍ ቃሌ የአባዬ ስም ነው።

ላፕቶፑን በፎጣ ሸፍኜዋለሁ። ለአቧራ ነው።

ነሐሴ 20

አያቴ እየጃጀች ነው። ነጠላዋን ገልብጣ ነው የምትለብሰው፣ ጥለቱ አንገቷ ጋ። "አያቴ ተገልብጧል" ስላት በአማርኛ "አንተ ልጅ፣ ዝም በል" አለችኝ። ለእሷ አማርኛ ላይ ሁላችንም ወንዶች ነን። ከተማ ስትመጣ እንደዚህ ነው ፋሽኗ፤ ጉኑኖ እያለች ግን በደህና ነበር የምትለብሰው። እማዬ ስትወጣ ደግሞ ፊቷን ወደ ተቆለፈው በር አዙራ በሹክሹክታ ታወራለች። የተቀቀለ ቦዬ ስሰጣት አንዱን ቁራጭ አትበላም፤ ትራሷ ጎን ታስቀምጠዋለች። "ለማን ነው?" ስላት ወደ በሩ ታያለች። ቦዬውን ግን ኋላ እበላዋለሁ። ሲቀዘቅዝም ይጣፍጣል።

ሱቅ ሄጄ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ የጋሽ ለማን ድምፅ ሰማሁ። ከማን ጋር እንደሆኑ አላየሁም።

"ልጅቷ አባቷን ካላወጣች ቤታቸው ሊወጣ ነው።"

"አሮጊቷስ?"

"እሷማ ዛሬ ነገ ናት። ማን ሊያነሳት ነው? ድንኳን ሳይኖር፣ ሰው ሳይኖር፤ አስካለችና አንዲት ልጅ ሬሳ ተሸክመው ይሂዱ?"

ስኳሩን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ነሐሴ 26

ቲቸር ፍሬዘር ጋር ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ፈተና ያርም ነበር። ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው ሶዶ በረደኝ ሲል አያፍርም።

"ቲቸር፣ ማፒንጌ ተበላሽቷል። የምሰርዘው ሰው ይመለሳል።"

ረጅም ጊዜ አነበበ። "ማፒንግሽ ንጹህ ነው ሶሊ። ከተማሪዎቼ ይሻላል።"

"ታዲያ ማነው የሚመልሰው?"

"እዚህ ጋ ካስኬድ ብለሻል። ቤቱን ስታስቀምጪ ቤቱ የያዘው ሰው ሁሉ አብሮ ይቀመጥ ማለት ነው። አንቺ ሰውየውን ትሰርዢያለሽ። ቤቱ ግን አባወራዬ አሁንም እሱ ነው ይላል። ላይብረሪው ቤቱን ይሰማና መሰረዝሽን ይተወዋል። ቤቱ ራሱ ነው የሚመልሰው።" እስክሪብቶውን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። "መጀመሪያ ቤቱ ይልቀቀው።"

ቀና ብዬ አየሁት። ከዚያ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ደነገጠ።

"ስለ ኮዱ ነው ያወራሁት ሶሊ።"

"ስለ ኮዱ ነው እንጂ፤ ስለምን ታወራለህ ታዲያ?"

ካስኬድ የምትለዋን ቃል ማን ጻፋት? እኔ ነኝ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በዚህ እጄ። ሳላስተውል ነው። ሳላስተውል ነው?

ክፍሌ ገብቼ ሙታን ሰንጠረዥ ላይ አዲስ መስመር ከፈትኩ። ስም፣ ሶርሳ ዳልጮ። ቤት፣ የእኛ። "መርዶ የነገረ" የሚለው ባዶ ነው፤ ባዶ ሲሆን አይቀበልም፤ እኔው ነኝ እንዳይቀበል ያደረግሁት። ሶልያና ብዬ ጻፍኩ። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። አጠፋሁት። ሌላ የማውቀው ስም ካለ ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ለማ? እማማ ጸሐዬ? የሰው ስም ሰርቄ አባቴን ልግደል?

ዘጋሁት።

ጳጉሜ 2

"እማዬ፣ ስምሽን ላስገባ?"

ልብስ ታጥፋለች። የወንድ ሸሚዝ ነው፤ ታጥቦ ተተኩሷል። "የማን ስም ወጥቶ?"

"ጉባኤው ደርሷል። አያቴ አንድ ነገር ብትሆን..."

"አያትሽ ከሰማች ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የምትሆነው። ልቧ እዚያው ይቆማል። ይሄን ትፈልጊያለሽ?"

"አያቴ እንዳትሰማ ነው እማዬ፣ ወይስ አንቺ?"

አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። የተማሪ ደብተር የምታርም ይመስል ፊቴን መስመር በመስመር አየችው፣ ከዚያ ወደ ሸሚዙ ተመለሰች።

ሲመሽ አያቴ ጠየቀች፣ እማዬ መለሰች። ድምፅዋ ላይ ምንም አልነበረም። ውሸታም ነኝ፤ ደስ የሚል ነገር ነበረው።

መስከረም 3

አዲስ ዓመት ገባ። ጋሽ ለማ በር ላይ ቆመው "የፊታችን እሁድ ሳይሆን የሚቀጥለው" አሉ። አልገቡም። ሻይ እምቢ ሲሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

መስከረም 9

ካስኬዱን አወጣሁት። ቀላል ነበር፣ አንድ ቃል። አሁን ብሰርዘው አይመለስም።

አልሰረዝኩትም። ፈሪ።

እንዲያም ሆኖ ስልኩ ዛሬ ጮኸ። እኔ ምንም አልላክሁም። የላከ ካለ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የካርድ ማስታወቂያ ይሆናል። አያቴ ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች። ቀድማ አይኗን የሰበረችው እሷ ናት።

መስከረም 11፣ እሁድ

ልጻፈው።

ጠዋት አያቴ ተነስታ ዱላዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘናት። "ሰው የተሰበሰበበት ካየሁ ቆየሁ" አለች። እማዬ ልብሽ፣ ጭቃው፣ ብርዱ እያለች ለመነቻት፤ አያቴ ግን መንገድ ጀምራ ነበር። የእድሩ ግቢ ጉም ሞልቶታል። ከፊት ወንበር ላይ ያሉት ሰዎች ይታያሉ፣ ከኋላ ያሉት ሳል ብቻ ናቸው። እኔ ጠረጴዛው ጋ ላፕቶፑን ይዤ ተቀመጥኩ። ቲቸር ፍሬዘር ኢንተርኔት በስልኩ ሰጠኝ።

ለጋሽ ለማ አዲሱን ዝርዝር አትሜ ሰጥቻቸው ነበር። ወረቀቱን ገልብጠው ይዘውታል። ማንበብ የሚባል ነገር የለም፤ በቃላቸው ነው የሚጠሩት፣ እንደ ድሮው። የሟቹን ስም ሲጠሩ ባልቴቶቹ ከጉሙ ውስጥ ይመልሳሉ፦ "ኧረ ጋሽ ለማ፣ እሱ ሄዷል፣ አሁን እኔ ነኝ!" እማማ ጸሐዬማ "ባሌን ተዉልኝ፣ ይረፍበት" አሉ፣ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጋሽ ለማም ስቀው ቀጠሉ፣ ምላሳቸውም የለመደውን አወጣ።

"ሶርሳ ዳልጮ!"

ሳቁ ባለበት ቀረ። ጋሽ ለማ አፋቸውን እንደከፈቱ ወደ አያቴ አዩ። እማዬ ብድግ ስትል አየሁ። ከንፈሯን አየሁት፤ "አቤት" ልትል ነበር።

"የለም" አለች አያቴ።

ዱላዋን ተደግፋ ቆማ ነበር። መጀመሪያ በወላይትኛ ነው የተናገረችው፣ ከዚያ ከሌላ አገር የመጡትም እንዲሰሙ በአማርኛ።

"ሶርሳ የለም። ውሃ ወሰደ። እኔ እናቱ ነኝ፣ እኔ ነኝ የማወራ። ቤት ውስጥ አስካለች አለ። ልጅ አለ። ቤቱን አታውጡ።" ወደ ጠረጴዛው ዞረች። "አንተ ልጅ። ጻፍ።"

ጻፍኩ። መርዶ የነገረ፣ አገርነሽ። አስቀምጥ የሚለውን ነካሁት። ተሳክቷል አለ።

የሞት ጥሪው ቴክስት በራሱ እንደሚሄድ ረስቼ ነበር። እንዲሄድ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ረሳሁት። በመጀመሪያ የጋሽ ለማ ኪስ ጮኸ። ከዚያ ከፊት ያሉት፣ ከዚያ ከጉሙ ውስጥ የማላያቸው ሁሉ፣ ከግቢው ዳር እስከ ዳር፣ ደወል፣ መዝሙር፣ ንዝረት፣ አንድ ላይ። ስልኩን አውጥቶ ያየ ሰው የለም። ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። ተነሱ። ጉባኤው ተዘጋ ያለ የለም፣ ወዴት እንሂድ ያለም የለም። ወንዶቹ ወደ እድሩ መጋዘን ሄደው የድንኳኑን ቋሚ በትከሻቸው አወጡ፣ ሴቶቹ ወደ እኛ ቤት መንገድ ጀመሩ።

የእማዬ "አቤት" ያኔ ነው የወጣው። ቃል አልነበረም።

መስከረም 12

ቤታችን ሰው ሞልቷል። ጋሽ ለማ ድንኳኑን ሲያስተክሉ አቅጣጫውን ተሳስተው በሩ ወደ ሽንት ቤት ዞሮ ነበር፤ እንደገና ተተከለ። ያለቀሰ ሰው ሁሉ ሲስቅ አየሁ፣ ከዚያ መልሶ ሲያለቅስ።

አያቴ ፍራሹ ላይ ነች። ጎኗ ቁጭ ብዬ ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀች ጠየቅኋት።

"የቤሌ ጎርፍ ወሬ ጉኑኖ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ስመጣ በር ላይ አልቆመም" አለች። "ሶርሳ ቢኖር እናቱ መጥታ በር ላይ አይቆምም?"

"ታዲያ በየማታው ለምን ትጠይቂ ነበር?"

"እናትህ እንድትመልስ ነው።" እማዬን በአይኗ ፈለገቻት። "መንገድ ላይ ነው ስትል ሌሊቱን ትተኛ ነበር።"

ሰው ትንሽ ሲቀንስ እማዬ ክፍሌ ገባች። ፊቷ አብጧል። "አሳዪኝ" አለች። ከፈትኩላት። አጠገቤ ቁጭ ብላ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ስሙን። ቤቱን። የአያቴን ስም። የሞተበት ቀን የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እኔ ባዶ ስለተውኩት ፕሮግራሙ ራሱ የትናንቱን ሞልቶታል።

"ቀኑ ልክ አይደለም" አለች። የአስተማሪ ድምፅዋ ነው።

ኪቦርዱን ወደራሷ ሳበች። አላሰበችም፣ አልቆጠረችም። ነሐሴ 13 ቀን 2016 ብላ ጻፈች። እጇን አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"አስቀምጪው" አለችኝ።